«ነጥዬ ስጠይቅ ዝም»፦ 58 ልጆች ላሏት የ1ኛ ክፍል መምህርት

ጥያቄ፦ «ዘንድሮ ከ5ኛ ክፍል ወደ 1ኛ ክፍል ተዛውሬያለሁ። 58 ልጆች አሉኝ፤ ሁሉንም ትምህርት የማስተምረው እኔ ብቻ ነኝ። ግማሾቹ ኦ ክፍል አልገቡም። ሀ ሁን በአንድ ድምፅ ያስነኩታል፤ አንዷን ፊደል ነጥዬ ስጠይቅ ግን ዝም። ደብተር ማረሙ ገደለኝ። አለንጋ ካልያዝኩም ጸጥ አይሉልኝም። ከሰልፍ እስከ መልቀቂያ ዕለት ዕለት ምን ላሠራቸው?»

መምህርት፣ እንኳን ወደ ከባዱ ክፍል በደኅና መጡ። ከ5ኛ ወደ 1ኛ መውረድን እንደ ቅጣት የሚቆጥር መምህር ብዙ ነው፤ አመዳደቡም ይህን ስሜት ያግዘዋል፤ አብዛኛውን ጊዜ እዚያ የሚላከው አዲስ ተቀጣሪው ወይም ከርእሰ መምህሩ ጋር የተኳረፈው ነው። እኔ 1ኛና 2ኛ ክፍልን 17 ዓመት አስተምሬ፣ አሁን መምህራን ኮሌጅ ውስጥ የንባብ ማስተማሪያ ዘዴ የማሠለጥን ሰው ነኝ። ክፍልዎን ሳላይ ስለምመልስ አንዳንዱ ላይገጥምዎት ይችላል፤ ያልገጠመዎትን ይተዉት።

ጥያቄዎን ደጋግሜ ሳነበው የቀረው ሁሉ የተንጠለጠለው «ነጥዬ ስጠይቅ ዝም» ባሉት ላይ ነው። እርስዎ ዘንድ ብቻ የሆነ ነገር አይደለም። በመጀመሪያው ዓመቴ የኔ ክፍል ምስጉን ነበር፤ ልጆቹ መጽሐፉን በአንድ ድምፅ ሲያነቡ ከግቢው በር ይሰማል። አንድ ቀን ከፊት የሚቀመጥ፣ ድምፁ ከሁሉ ጎልቶ የሚወጣ ልጅ አጠገብ ቆሜ ሳለሁ ሳላስበው እጄን ገጹ ላይ አሳረፍኩ። ንባቡ አልተቋረጠም። ፊደሎቹን በመዳፌ ሸፍኜበት እሱ እስከ ገጹ መጨረሻ ዘለቀና እጄን በትሕትና ገፋ አድርጎ ቀጣዩን ገጽ ገለጠ። የዚያን ሳምንት ሁሉንም አንድ በአንድ ጠየቅኋቸው። ከ62 ልጆች ፊደል ለይተው የሚያውቁት 9 ብቻ ነበሩ። ለወራት ያስተማርኩት ዜማ ኖሯል።

በ2002 ዓ.ም. በተለያዩ ክልሎች በተካሄደ የንባብ ምዘናም 2ኛ ክፍል ከነበሩት ልጆች ከመቶው 34 ያህሉ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ለብዙ ዓመታት ደግሞ ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል ያለው ልጅ ሳይደግም ስለሚያልፍ ጉዱ የሚታየው ከ4ኛ ክፍል ወዲያ ነበር። አምና 5ኛ ክፍል ሳሉ «እነዚህን ማን አሳለፈብኝ?» ብለው ከሆነ፣ መልሱ ዘንድሮ የገቡበት ክፍል ውስጥ ነው።

የድሮዎቹ የኔታዎች ይህን በሽታ ያውቁት ነበር። ልጁ ሀ ሁን በተርታ ከቆጠረ በኋላ አቡጊዳ ያስገቡታል፦ አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ። ከአንዱ ቤት (ከአንዱ የፊደል ረድፍ) ግዕዙን ማለት 1ኛውን፣ ከሌላው ካዕቡን ማለት 2ኛውን፣ ከሌላው ሳልሱን ማለት 3ኛውን እየለቀሙ ተርታውን ያፈርሱበታል። በሀ ሁ ዜማ ተንሳፍፎ የመጣው ልጅ እዚህ ሲደርስ ዓይኑን ፊደሉ ላይ መትከል ግድ ይሆንበታል። አቡጊዳም በተራዋ በዜማ መያዟ አልቀረም፤ ለዚህ ነው የኔታ ከመካከል ድንገት እየነጠሉ «ይቺስ?» የሚሉት። እኛ ዘመናዊ ነን ባዮቹ ግን ሰንጠረዡን ግድግዳ ላይ ሰቅለን፣ ዘንግ ይዘን፣ ከላይ እስከ ታች ማስዘመር ላይ ቀረን።

እንግዲህ ሰንጠረዡን አይጣሉት፤ በቀን ከሁለት ደቂቃ በላይ ግን አይዘመር። የቀረውን ጊዜ ጥቂት ቤቶች ላይ ያውሉት። ለ፣ መ እና በን ብቻ ይያዙ እንበል። ሦስት ቤት፣ 21 ፊደል። በእነዚህ ብቻ ምን ምን እንደሚጻፍ ይመልከቱ፦ ላም፣ ሎሚ፣ ልብ፣ ላባ፣ ላብ፣ ቢላ፣ ቡላ፣ ሙሉ፣ ማማ፣ ሌባ፣ በላ። ዓረፍተ ነገርም ይወጣቸዋል፦ ሌባ ሎሚ በላ።

ይህችን ሰሌዳ ላይ ይጻፉና ምንም ሳይናገሩ ዘወር ብለው ይቁሙ። መጀመሪያ የአንዷ ልጅ ከንፈር ይንቀሳቀሳል። ጣቷን አንሥታ ከአየሩ ላይ ፊደል የምትለቅም ትመስላለች። ከዚያ ትስቃለች። ቀጥሎ ሌላ ቦታ አንዱ ይስቃል፣ ሳቁም ወደ ኋላ ወንበር ይዛመታል። እርስዎ አላነበቡላቸውም፤ ማንም አልነገራቸውም፤ የሳቁት አንብበው ነው። ጎረቤቱን አይቶ የሚስቅም አይጠፋም፤ እሱን ጠጋ ብለው «ምኑን ነው የበላው?» ይበሉት። መጽሐፍዎ በሌላ ቅደም ተከተል የሚሄድ ከሆነ መጽሐፉን ይከተሉ፤ ሁለት ሦስት ቤት እንደተያዘ ወዲያው ቃል ይሥሩበት፣ 33ቱ ቤቶች እስኪያልቁ አይጠብቁ።

ስለ ፊደሎቹ ቅርጽ ትንሽ ልጨምር፤ ኮሌጅም ብዙ አይነገርም። ካዕቡ ወገቡ ላይ ጭረት ያወጣል፣ ሉ፣ ቡ። ሳልሱ ጭረቱን እግሩ ላይ ያደርጋል፣ ሊ፣ ቢ። ኃምሱ፣ 5ኛው፣ እግሩ ላይ ቀለበት ያስራል፣ ሌ፣ ቤ። ይህን ያየ ልጅ አዲስ ቤት ሲመጣለት ሦስቱን ሳይነገረው ይገምታል፤ ሲገምትና ሲሳካለት ፊቱን ይዩት። ሳድሱ፣ 6ኛው፣ ግን ደንብ የለውም፤ ል፣ ም፣ ብ ምናቸውም አይገናኝ። በቃላት ውስጥ በብዛት የሚመጣውም እሱው ሳድሱ ነው፤ ስለዚህ ጊዜዎን እሱ ላይ ያፍስሱ። ባ እና ቦን ደግሞ ሁሉም ልጅ ያምታታል፤ አንዷ ቀኝ እግሯ ረጅም፣ አንዷ ግራ እግሯ። እኔ ልጆቹን አስነሥቼ «ባ» ስል ግራ እግራቸውን ያነሣሉ፣ «ቦ» ስል ቀኛቸውን። ሲያሠሩ እርስዎም ፊትዎን ወደ ሰሌዳው ያዙሩ፤ ወደ ልጆቹ ዞረው ካሳዩአቸው ግራና ቀኙ ይገለበጥባቸዋል። (ይህን የተማርኩት አንድ ወር ሙሉ አገላብጬ ካስተማርኩ በኋላ ነው።) ያችው እግር ለሳ እና ሶ፣ ለካ እና ኮም ትሠራለች። ሰ እና ሸን፣ ተ እና ቸን፣ ነ እና ኘን፣ ደ እና ጀን፣ ጠ እና ጨን በአንድ ሳምንት አያምጧቸው፤ መጀመሪያ አንደኛው በደንብ ይያዝ። ሀ፣ ሐ፣ ኀ የት የት ይገባሉ የሚለውን ክርክር ለትልልቆቹ ይተዉላቸው።

አሁን ወደ ቀኑ እንምጣ። ለቀኑ አንድ ቅርጽ ይስጡትና እስከ ሰኔ አይለውጡት። ይዘቱ በየቀኑ ይለወጣል፤ ተርታው ግን ያው። 58 ልጆችን የሚያንጫጫው ቀጥሎ የሚመጣውን አለማወቅ ነው። ቀጥሎ ምን እንደሚሠራ ያወቀ ልጅ ሳይታዘዝ እጁን ወደ ቦርሳው ይሰዳል።

ከሰልፍ ገብተው የመጀመሪያዎቹን አሥር ደቂቃዎች ለስም ካርድ ይስጡ። ከካርቶን 58 ካርድ ይቁረጡ፤ የእያንዳንዱን ልጅ ስም በጉልህ ይጻፉበትና በር አጠገብ ጠረጴዛ ላይ ይበትኑት። ልጁ ሲገባ የራሱን ፈልጎ አንሥቶ ቀዳዳ ባለው ካርቶን ወይም ክር ላይ ይሰቅላል። መጀመሪያው ሳምንት ትርምስ ነው፤ መሠረት የመቅደስን ካርድ ትወስዳለች፣ ይጣላሉ፣ ከዚያ ሁለቱም ካርዶቹን ጎን ለጎን አድርገው ልዩነቱን ይፈልጋሉ። ያ ጠብ የንባብ ትምህርት ነው፤ ቶሎ አይገላግሏቸው። ጠረጴዛው ላይ የቀሩት ካርዶች የቀሩት ልጆች ናቸው። ስም መጥራት ሳያስፈልግ መቆጣጠሪያዎ ተሞላ፤ 58 ጊዜ «አቤት» ከመስማትም ዳኑ።

ከዚያ ንባብ። ልጆቹ ትኩስ ሳሉ፣ በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ። እዚህ ላይ ስሌት አለ፤ አንዱን ልጅ አንድ ደቂቃ ቢያዳምጡት 58ቱ 58 ደቂቃ ይፈጃሉ፣ ክፍለ ጊዜው ደግሞ 40 ነው። ስለዚህ ነው ሁላችንም ወደ ኅብረ ዝማሬው የምንሸሸው። መፍትሔው በቀን 12 ልጅ ነው። ሰኞ 12፣ ማክሰኞ 12 እያሉ ዓርብ ሲደርስ 58ቱም ቢያንስ አንድ ጊዜ ለጆሮዎ ብቻ አንብበዋል። እርስዎ ጥግ ላይ ተቀምጠው 12ቱን ተራ በተራ ሲያዳምጡ ሌሎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይነባበባሉ፤ አንዱ ያነብባል፣ ሌላው በጣቱ ይከተላል፣ ከዚያ ይለዋወጣሉ። ንባቡ ከትናንት የታወቀ እንጂ አዲስ አይሁን። ይንጫጫሉ? በደንብ! ከገበያ ጫጫታ የተለየ መሆኑን ግን ጆሮዎ በሁለት ሳምንት ይለየዋል። ጥንዱን ሲያጣምሩ እጅግ ጎበዙን ከእጅግ ደካማው ጋር አያድርጉ፤ ጎበዙ ያነብለትና ነገሩ ያልቃል። መካከለኛውን ከደካማው ያጣምሩ።

12ቱን ሲያዳምጡ አንድ ደብተር ይያዙ። በስሙ አንጻር የሳተበትን ፊደል ብቻ ይጻፉ፦ «ቦን ባ አለ»፣ «ሳድስ ላይ ቆመ»። የተከታታይ ምዘና ቅጹ ከዚህ ደብተር ይሞላል፤ ከቅጹ ግን ይህ ደብተር አይሞላም።

የደብተር እርማቱም በዚያው ይፈታል። 58 ልጅ በአራት ትምህርት 232 ደብተር ነው፤ ይህን በየቀኑ የሚያርም ሰው ወይ አያርምም፣ ወይ ሳያይ ራይት ያደርጋል። ልጆች ሁለተኛውን ያውቁታል፤ ራይት የተደረገበትን ስሕተት እያሳዩ ይሳሳቃሉ። ይልቅ የዕለቱ 12 ልጆች ለንባብ ሲመጡ ደብተራቸውን ይዘው ይምጡ፤ ፊታቸው ላይ፣ እነሱ እያዩ ይታረም። ለሌሎቹ የክፍል ሥራውን መልስ ሰሌዳ ላይ ይጻፉና ጎን ለጎን ተለዋውጠው ይመልከቱ። ርእሰ መምህሩ «ያልታረመ ደብተር አየሁ» ካሉ የ12ቱን ተራ ያሳዩአቸው።

ጽሕፈት ላይ ብዙ አልቆይም። ከደብተሩ በፊት በአየር ላይ፣ ከዚያ አፈር ላይ በጣት፣ ከዚያ በእርሳስ። አንድ ገጽ ሙሉ ለ ለ ለ ማስጻፍ ይቅር፤ አሥረኛው ለ ከመጀመሪያው ይብሳል።

ከእረፍት በኋላ ሒሳብ ቢሆን ይሻላል፤ ላባቸው ሳይደርቅ ቁጭ ብለው አያነቡም፣ ዕቃ ሲነኩ ግን ይረጋጋሉ። እዚህም ያው የዜማ ችግር አለ። እስከ መቶ ይቆጥሩልዎታል፤ 13 ቆርኪ ቢያቀርቡላቸው ግን አንዱ 11፣ ሌላው 15 ይላል፤ አፍ ከጣት ይቀድማል። ከግሮሰሪ ቆርኪ ያሰብስቡ፣ በፌስታል ለየጥንዱ 20 ያድሉ። ሲቆጥር እያንዳንዷን ከግራ ወደ ቀኝ እያሻገረ ይቁጠር፤ የተሻገረች ሁለተኛ አትቆጠርም። ጭራሮ አሥር አሥር አድርገው በክር ያሳስሩ፤ አማርኛችን እዚህ ላይ ያግዛል፣ «አሥራ ሦስት» ሲል ራሱ አሥርና ሦስት እያለ ነው፤ አንድ እስርና ሦስት ነጠላ ማለት ነው። አርባ አራትን ያስታውሳል፣ አምሳ አምስትን፣ ስድሳ ስድስትን፤ ሃያ ብቻ ከሁለት ጋር ዝምድና የላትም፣ ለእሷ ተጨማሪ ቀን ይያዙላት። በሳምንት አንድ ቀን ክፍሉን ውጭ ያውጡና ሰኞ ማክሰኞ ያጫውቱ፤ በሳጥኖቹ ውስጥ ቁጥር ወይም ፊደል ተጽፎ፣ የቆመበትን ያነበበ ይዘላል።

አካባቢ ሳይንስን ከክፍል ውጭ ያስተምሩ፤ ቅጠል ለቅመው በጫፉ ቅርጽ ይለዩ፣ ያው ቅጠል በክወናና ዕይታ ጥበባት ይሣል። ሁለቱን ክፍለ ጊዜ ማያያዝ ለእርስዎም አንድ ዝግጅት ይቀንስልዎታል።

የመጨረሻዎቹ አሥራ አምስት ደቂቃዎች የተረት ናቸው፤ ማንም እንዳይነካቸው። «ተረት ተረት» ሲሉ «የላም በረት» ብሎ የማይመልስ ልጅ የለም፤ ቀኑን ሙሉ ዝም ያለው እንኳ እዚህ ላይ ድምፁ ይሰማል። መካከል ላይ ያቁሙና «ጅቡ አሁን ምን የሚያደርግ ይመስላችኋል?» ይበሉ። እንቆቅልሽም እንዲሁ፤ ያላወቀው «አገር ስጠኝ» ተብሎ አገር ሲሰጥ የከተማ ስም ይለማመዳል። ተረቱን ለጨዋታ ብቻ እንዳይመስልዎት። አማርኛ ጥብቀትን፣ ማለት ፊደሉ ጠብቆ ወይም ላልቶ መነበቡን፣ አይጽፍም፤ «ገና» በዓሉ ይሁን «ገና ነው» የሚለው፣ «ዋና» ውኃው ላይ ያለው ይሁን ትልቁ፣ አንባቢው ከንግግሩ ነው የሚያውቀው። ቤቱ አገውኛ ወይም ኦሮምኛ የሚነገርበት ልጅ ፊደሉን በትክክል ለቅሞ ቃሉን የሚያላላው ለዚህ ነው። ማንበብ አልቻለም ብለው አይመዝግቡት፤ ቃሉን ሰምቶት አያውቅም። በተረት ይስማው፣ ከዚያ ሲያነብ ራሱ ያጠብቀዋል።

ስለ አለንጋው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ እንዲሆኑ ደንግጓል፤ ይህን እንደሚያውቁ አልጠራጠርም። እኔ የምጨምረው ከልምድ ነው፦ አለንጋ ጸጥ የሚያሰኘው እርስዎ ፊትዎን እስኪያዞሩ ነው፤ ከላይ ባልኩት አሠራር ደግሞ እርስዎ ጥግ ላይ ከአንድ ልጅ ጋር ነው የሚውሉት። ጭብጨባ ያስለምዷቸው፤ ሦስት ጊዜ ሲያጨበጭቡ ሁለት ጊዜ አጨብጭበው እጃቸውን ራሳቸው ላይ ያደርጋሉ፣ እጁ ራሱ ላይ ያለ ልጅ ጎረቤቱን አይጎነትልም። ጣት እያጮሁ «ቲቸር እኔ! ቲቸር እኔ!» የሚሉትን ደግሞ በቆርቆሮ ያስታግሷቸው፤ 58 ስንጥር ላይ ስም ጽፈው ቆርቆሮ ውስጥ ይጨምሩ፣ የሚመልሰው የወጣለት ነው። ጯሂዎቹ ስድስት ሰባት ልጆች ይከፋቸዋል። ኋላ ወንበር ላይ የሚተኙት ግን ያንን ቆርቆሮ ሲያዩ ቀና ይላሉ።

የቤት ሥራን በተመለከተ፣ ወላጁ ፊደል የማያውቅ ቤት ብዙ ስለሚሆን የሚጻፍ ነገር አይስጡ፤ የሚጻፍ ከሰጡ የሚሠራው ታላቅ እኅት ናት። «በ‹በ› የሚጀምር ሦስት ነገር ከቤት ፈልጋችሁ ነገ ንገሩኝ» ይበሏቸው። አንዱ በር፣ አንዱ በርበሬ፣ አንዱ በግ ይዞ ይመጣል፤ አንድ ዓመት አንዲት ልጅ «በሽታ» አለችኝ፣ አያቷ ታመው ነበር።

ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ አይጀምሩት፤ ሁለቱም ወገን ይደክማል። የፊታችን ሰኞ ካርዱንና 12ቱን ልጆች ከነጥንድ ንባቡ ብቻ። ሁለት ሳምንት ቆይቶ ቆርኪውን። ለሰኞ ከሚመርጧቸው 12 ልጆች መካከል ድምፃቸው ጎልቶ የሚሰማ አንድ ሁለቱን ያስገቡ፤ ሲያነቡም እጅዎን ገጹ ላይ ያሳርፉ።